ተገልብጦ የዞረው ማራገቢያ

የሰፈራችን ዲናሞ ጠቅላይ ሴት ናት። ይህን ስናገር «አባቷ ናቸው እንጂ!» የሚሉኝ አሉ። አባቷም ናቸው። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጡና፣ እሷ የተቃጠለውን የሞተር ሽቦ አውጥታ አዲሱን ትጠቀልላለች፤ እሳቸው ጫፎቹን አገናኝተው ይዘጋሉ። አባቷ «መዳቤ» እያሉ ስለሚጠሯት ሰፈሩም መዳቤ ብሎ ቀረ። እናቷ ከዚህ ስም ጋር እስካሁን አልታረቁም። «ቢሮ ትቀመጥልኛለች ስል እጇ እንደ ሞረድ ሻከረ» ይላሉ። ግን እንግዳ ቤታቸው ሲገባ፣ ገና ሳይቀመጥ የጣሪያውን ማራገቢያ ያበሩና «ድምፅ ትሰማለህ? አትሰማም! ልጄ ናት የጠቀለለችው» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የአባቷ ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ቀዩን ከቡናማው አይለዩም። ስለዚህ በእነሱ ቤት የእያንዳንዱ ጥቅል መነሻ ላይ ክር ይቋጠርበታል፤ ቋጠሮ ያለው መነሻ፣ የሌለው መጨረሻ ነው። ጣታቸው ቋጠሮዋን ካገኘች ሌላው ቀላል ነው። ታዲያ አባቷ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ ሰፈሩ ሁሉ የሸመደደላቸው አንድ ፉከራ ነበረቻቸው፦ «ከእጄ የወጣ ዲናሞ የተመለሰ ቀን፣ ፒንሳዬን ሰቅዬ ቤቴ እቀመጣለሁ!»

ያ ቀን መጣ። እኔ የውሃ መሳቢያዬን ይዤ በሩ ላይ ካለችው አግዳሚ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ዳቦ ጋጋሪው የጭስ ማስወጫውን ማራገቢያ ከነክፈፉ ታቅፎ ገባ። ግማሽ ፊቱ ዱቄት፣ ግማሹ ጥላሸት።

«ጋሼ፣ ጭሱን ያስወጣልኝ ብዬ ነበር የሰጠሁዎት። ይኸው የመንገዱን አቧራ ጠርቶ አስገባብኝ! ጭሱም ደንበኛው ላይ ሆነ። ዳቦ የገዛ ሁሉ ዓይኑን እያሸ ሲወጣ፣ ጎረቤት ሰው የሞተብኝ መስሎት ሊያጽናናኝ መጣ!»

መዳቤ ሳቋ አመለጣት። አባቷ ግን አልሳቁም።

«ተገልብጦ ዞረ በለኛ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔስ መቼ ዝም አልኩ? ስፒናውን ገልብጬ ሰካሁት፤ ወይ ፍንክች! ከዚያ ክንፉን ፈታሁና ፊቱን ወደ ኋላ አድርጌ ገጠምኩት።»

«የብሎን ዳዶ ገልብጠህ ብታስገባው በሌላ በኩል ይጠብቃል እንዴ? ክንፍም እንደዚያው ነው፤ ብትገለብጠው ነፋስ የሚገፋበት አቅጣጫ አይለወጥም።»

«እሱንማ አየሁት። መላውን ዕቃ አዙሬ እንዳልገጥመው ደግሞ፣ ክፈፉ ግድግዳው ውስጥ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው።»

ጋሼ ፒንሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «በቃ። ዓይኔ ሲሄድ እጄ አለኝ ብዬ ነበር። እጄም ሄደ።»

ከመዳቤ በስተቀር ሁላችንም የምናይበት ጠፋን። እሷ የሽቦዎቹን መገናኛ ክዳን ከፍታ አጎንብሳ ስታይ ቆየችና፣ ፊቷ ሲቀላ አየሁ።

«አባዬ፣ እጅህ የትም አልሄደም። ና ዳብሰው።» ጣታቸውን ይዛ አስገባች። «ቋጠሮ አለ?»

«አለ።»

«ሽቦው የሚለብሰው ቀዩ ቱቦ ግን ያለው በወዲያኛው ጫፍ ላይ ነው። መነሻውን እኔ በቀይ ቱቦ ለይቼዋለሁ። ክሩ ሲፈታብኝ ደግሞ፣ ሳላስብ ያገኘሁት ጫፍ ላይ ቋጠርኩት። ለእኔ ማሰሪያ ነበር፤ አንተ እንደምታነብበው ረሳሁት።»

ነገሩ ይህ ነው። እንዲህ ያለ ማራገቢያ ሁለት ጥቅል አለው። አንዱ ዋናው ነው፤ ሌላው፣ ማስነሻ የሚባለው፣ በካፓሲተር እየታገዘ ዲናሞው ሲነሣ ወዴት እንደሚዞር ያሳየዋል። የማስነሻው ሁለት ጫፎች ከተለዋወጡ፣ ዲናሞው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ወደ ኋላ ይዞራል። ሳያስረክቡም ሞክረውት ነበር። ግን ክንፉ ያኔ ዳቦ ቤት ነው የቀረው። ዘንጉ ያለ ድምፅ ሲዞር ሰምተው ደስ አላቸው፤ ነፋሱን ማን አይቶት!

«እንግዲያው አስተካክለሽ ስጪው» አሉ ጋሼ፣ ፊታቸውን አዙረው።

«ያገናኘኸው አንተ ነህ። አንተው አዙረው።»

«መዳቤ!»

«አልነካውም አልኩ።»

«ኧረ በናታችሁ፣ ዳቦዬ እያረረ ነው!» አለ ጋጋሪው።

ጋሼ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ። ከመገናኛው የወጡትን አራት ጫፎች አንድ በአንድ በጣታቸው አሻሹ። የማስነሻው ሽቦ ቀጠን ያለ ስለሆነ ሁለቱን ወዲያው ለዩ፤ ፈቱ፣ አለዋወጡ፣ አጠበቁ፣ በቴፕ ጠቀለሉ። መዳቤ እጇን አጣምራ ቆማ ነበር፤ ከንፈሯ ግን አብሮ ይሠራል። ጋጋሪው ክንፉን ወደነበረበት መልሶ ገጠመ። ማራገቢያውን በር ላይ አቁመው ፊቱን ወደ መንገድ አደረጉትና፣ ጋጋሪው ከፊቱ ቆመ።

ሲበራ የጋጋሪው ሽርጥ ወደ ኋላ ተገለበጠ። የለበሰው ዱቄት ሁሉ ተነሥቶ መንገዱን ሞላው፤ ከእኔም ላይ የድርሻዬ አረፈ።

«ወደ ውጭ ነው! ወደ ውጭ!» ብሎ ጮኸ፣ ዱቄቱን እየተፋ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ «ታዲያ ጋሼ፣ ፒንሳው ሊሰቀል ነው?»

«ቃሌ ቃል ነው» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ወርዷል።

«ስቀለው» አለች መዳቤ። እኔ ደነገጥኩ። ሚስማርና መዶሻ አንሥታ፣ ሚስማሩን ከጠረጴዛው ጎን፣ ከአባቷ ቀኝ እጅ ሥር መታችው። «ይኸው። ስትፈልገው ሳትነሣ እንድታገኘው። ቃልህን ጠብቀህ ቤትህ ተቀመጥ፤ ቤትህ ደግሞ ይሄ ነው።»

ጋሼ ፒንሳውን ሰቀሉ። ትንሽ ቆዩና አውርደው ጨበጡት። ደረታቸውን ነፍተው ወደ ጋጋሪው ዞሩ።

«አየሃት? በገዛ ቃሌ ጠፍራ አሰረችኝ! እስቲ ንገረኝ፣ የማን ልጅ መሰለችህ?»