ስለ ሎኮ የመሰከርሁት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር እንኳ ይህን ዘልዬዋለሁ።

በንጉሡ ዘመን ነው። ባለቤቴ በነገሌ ቦረና ጦር ሰፈር ሻምበል ሳለ፣ ከሰፈሩ አጠገብ አንድ መዋዕለ ሕፃናት ሊከፈት ሆነ። ልጄ ማርታ አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁ ሴት፣ የዝግጅቷን መርሐ ግብር በሰዓት ከፋፍዬ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ፦ ፊደል፣ እጅ መታጠብ፣ ጸጥ ብሎ መቀመጥ። ማርታ ግን ከዓይኗ በተሰወርሁ ቁጥር እስኪያስመልሳት ታለቅስ ነበር።

ሎኮ በቤታችን ልጅ የምትይዝ የቦረና ሴት ነበረች። መርሐ ግብሬን ሳነብላት ሳቀች።

“እትዬ፣ ጥጃ እንኳ ባንድ ቀን ከእናቱ አይለይም። የአንቱ ልጅ ከጥጃ ታንሳለች?”

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ዛሬም አደንቀዋለሁ። ማርታን በየጠዋቱ ገና ሥራ ወዳልጀመረው ግቢ ይዛት ትሄድ ጀመር። መጀመሪያ አጠገቧ ተቀመጠች። ቀጥላ ከአጥሩ ውጭ ሆነች፤ ልጅቱ ድምፅዋን እንድትሰማ በኦሮምኛ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ዝም አለች። ከዚያ ራቀች። ተደብቃ ግን አንድ ቀንም አልሄደችም። “የዚህ ዛፍ ጥላ አጥሩን ሲነካ እመጣለሁ” ትላታለች፤ ጥላው ሲነካ በሩ ላይ ናት። ሰማዩ ደምኖ ጥላ በጠፋበት ቀን ከግቢው ንቅንቅ አላለችም። በወሩ ማርታ ራሷ “ሂጂ እንጂ፣ ገና ነው ጥላው!” እያለች ታባርራት ጀመር።

እኔስ ምን አደረግሁ? ያየሁትን ሁሉ በደብተር አሰፈርሁ፤ ጥጃውን ከጽሑፉ አወጣሁ፤ ሎኮንም አወጣሁ፤ “ደረጃ አንድ፣ ደረጃ ሁለት” እያልሁ በወላጆች ስብሰባ ላይ አነበብሁት። ተጨበጨበልኝ። የመዋዕለ ሕፃናቱ ኃላፊ ወይዘሮ በለጡ ከየት እንዳገኘሁት ሲጠይቁኝ፣ “ከትምህርቴ” አልሁ።

ምነው በዚህ ባበቃሁ! በዚያው ሰሞን መዋዕለ ሕፃናቱ ሞግዚት ይፈልግ ነበር። ሎኮ ሥራውን ተመኘች፤ እንድመሰክርላት ለመነችኝ፤ “እሺ” አልኋት። ወይዘሮ በለጡ ቤቴ መጥተው ስለ እርሷ ሲጠይቁኝ ግን ፈራሁ። እዚያ ከገባች ዘዴው የማን እንደሆነ በሁለት ቀን ይታወቃል። ስለዚህ እኔ፣ እኔው ራሴ፣ “ጥሩ ሴት ናት፤ ለሕፃናት የሚሆን አማርኛ ግን የላትም” አልሁ። ሎኮ ማርታን ይዛ ከመጋረጃው ወዲያ ነበረች። ይህን ለመስማት አማርኛዋ በቂ ነበር።

ትምህርት ሲጀመር ከሕፃናቱ ግማሾቹ የከተማው የከብት ነጋዴዎች ልጆች ሆነው ተገኙ። “አዮ! አዮ!” እያሉ በኦሮምኛ እናታቸውን ሲጣሩ፣ በሎኮ ፈንታ ተቀጥራ ከአዲስ አበባ የመጣችው ሞግዚት ምን እንደሚሉ አታውቅም ነበር። ይህን አላሰብሁትም ልል እችላለሁን? በዚያች ከተማ የሚኖር ሰው ይህን እንዴት አያስብም?

ሎኮ አልወቀሰችኝም። ማርታን ሳምንታት ሙሉ በሰዓቱ አደረሰቻት፣ በሰዓቱ መለሰቻት። ልጅቱ መለመዷን ባረጋገጠችበት ቀን ልብሷን ጠቀለለች። እንድትቆይ ስለምናት፣

“ቃል የሰጠሁት ለልጅቱ ነበር፣ እትዬ” አለችኝ። በሰላም ቆዩ ብላኝ ወጣች።

የአዲስ አበባዋ ሞግዚት በዚያው ሳምንት ሥራውን ለመተው ተዘጋጅታ እንደነበር አውቃለሁ። ወይዘሮ በለጡ ዘንድ ሄዶ እውነቱን መናገር የአምስት ደቂቃ መንገድ ነበር። አልሄድሁም። ወጣት ነበርሁ አልልም፤ ዘመኑ ነው አልልም፤ እናንተንም ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ልትለኝ የምትችል አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እርሷንም አንድ ቀን ወጥቼ ፈልጌያት አላውቅም።