ጧሪ በወንፈል

ከአምደወርቅ የወጣሁ ሌሊት አባቴ ፋኖስ ይዘው እስከ መኪናው ሸኙኝ። ያኔ ብርቱ ነበሩ፤ ሻንጣዬንም የተሸከሙት እሳቸው ናቸው። የሸኘው ጎረቤት «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣዎ» እያለ ሲመርቃቸው እኔን እኔን ያያል። ታናሽ እህቴ ሐረጉ ከኋላ ሆና ስንቄን ትቋጥር ነበር፤ እሷን ያያት አልነበረም።

ስዊድን ደርሼ ያገኘሁት ሥራ መጦር ሆነ። ሄምትየንስት ይሉታል፤ በየቤቱ እየዞሩ አዛውንት ማጠብ፣ ማብላት፣ ማስተኛት ነው። መጽሐፍ ሲያገላብጥ የኖረ መምህር የሰው አባት ጥፍር ቆራጭ ሆንኩ። ገንፎ አላቸው፤ ግን ቅቤና በርበሬ በሚፈስበት ቦታ ሲልት የሚሉትን ጣፋጭ የፍሬ ወጥ ያፈሱበታል። ብርዱም የአገሬ የደሃና ብርድ አይደለም። የደሃና ብርድ ፀሐይ ስትወጣ አፍሮ ይሸሻል፤ እዚህ የምታፍረው ፀሐይዋ ናት።

እኔ የሰው ሽማግሌ ሳጥብ የእኔው አረጁ። መርሳት ጀመሩ፤ ከቤት ወጥተውም ይጠፋሉ። ሐረጉ ለአፍታ አትለያቸውም። በዚህ ላይ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኗን ይወጋታል።

አንድ ቀን የኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ሠራተኛ ስለ መብታችን ስታስረዳን «ዘመዱን የሚያስታምም ሰው ካለ እሱ እንዲያርፍ በቦታው ሰው እንልካለን» አለች።

«እህቴ አለች» አልኳት።

«የት ነው የምትኖረው?»

«ደሃና።»

«በየትኛው አውቶቡስ ይኬዳል?»

«በአውሮፕላን፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ ከዚያ በእግር።»

«ከእኛ ክልል ውጭ ነው» አለች ከልቧ አዝና።

«በትንሹ» አልኳት።

ለሐረጉ ደውዬ ሰው እንድትቀጥር ነገርኳት።

«ቀጥሬ ነበር፣ ወንድምዓለም። አባዬ በማግሥቱ በምርኩዝ አስወጧት። ልጅ እያለኝ በቅጥር ልጦር ወይ ብለው።»

«ዓይንሽስ?»

«በወረንጦ እነቅለዋለሁ። ሰቆጣ ሄደሽ ኦፕራሲዮን ካልሆንሽ ትታወሪያለሽ ብለውኛል። አባዬን ለማን ልተዋቸው?»

«ዘመድ የለም?»

«ዘመድማ ሞልቷል። እሑድ እሑድ ጉልበት ስሞ ይሄዳል።»

እዚህ አበሾች ስንሰበሰብ አገራችን ሽማግሌ ታከብራለች እንባባላለን። እኔ አላምንበትም። በየቤቱ የምታከብር አንዲት ሴት አለች፤ የቀረነው ጉልበት እንስማለን። ይህን ስናገር ፈረንጅ ሆነሃል ይሉኛል።

ዘዴውን ያገኘችው ራሷ ሐረጉ ናት። ጎረቤቷ ታደሉ አልጋ የያዙ አማቷን ታስታምማለች። «ወንፈል እንግባ» አለቻት። አጨዳ በወንፈል ያለ ነው፤ ዛሬ ያንቺ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ሽማግሌ በወንፈል ሲጦር ግን ያየ የለም፤ መንደሩ ስቆ ስቆ ዝም አለ። ታደሉን አባቴ አላባረሯትም። ቅጥር አይደለችም፣ ብድር መላሽ ናት። ብዙ ነገር ቢረሱም ወንፈልን አልረሱም። ሐረጉም ለሰቆጣው መንገድ የሚሆናትን ቀን የታደሉን አማት እያጠበች አጠራቀመች። ለእሷ ዕረፍት ማለት የሌላ ሰው አሮጊት ማጠብ ሆነ።

እኔ ከማንም ጋር ወንፈል የለኝም። እዚህ የማጥባቸው ሰዎች ብድር የለባቸውም፤ ደመወዜ ተከፍሏል። ማታ ቤቴ ስገባ የሚቀበለኝ የማሞቂያው ቱቦ ጉርምርምታ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ስደውል የሐረጉን ሞባይል ሌላ ሴት አነሳችው።

«ማን ልበል?»

«የሐረጉ ወንድም ነኝ።»

«የውጭው? እኔ ታደሉ ነኝ። ሐረጉ ለዓይኗ ሰቆጣ ናት፤ እስክትመለስ ተራው የእኔ ነው። ቆይ፣ አባትዎን ላገናኝዎ፤ እራት ላቀርብላቸው ነው።»

«ማነህ?» አሉ አባቴ።

«ልጅዎ ነኝ።»

ስሜን አልጠየቁኝም። «ተራህ መቼ ነው?» አሉኝ።

ከመስኮቱ ውጭ በረዶ ይወርዳል።

«ደርሷል» አልኳቸው። «እየመጣሁ ነው።»

«በል፣ ሳይመሽ ግባ» ብለው ስልኩን መለሱላት።

ከታደሉ ኋላ ትሪ መሬት ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«ምን ብለዋቸው ነው?» አለችኝ። «ልጄ ሳይደርስ አልበላም ብለው እራታቸውን ገፉት።»