የዓርብ እንቆቅልሽ በአምስተኛ ክፍል

ልጅቷ ከመስከረም እስከ ኅዳር መጨረሻ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ስም ስጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ አቤት አትልም። ተነሥተሽ አንብቢ ስላት መጽሐፉን ከፍታ ጣቷን ከመስመር መስመር ታስኬዳለች፤ ዓይኗ ያነባል፣ ከንፈሯ ግን አይላቀቅም። የእጅ ጽሑፏን ብታዩ ከእኔ ይሻላል። የቃል ጽሕፈት ስሰጥ ከአሥር ዘጠኝ ታመጣለች። መናገር ሲባል ግን የለችም። እኔ ደግሞ የአምስተኛ ክፍል አማርኛ አስተማሪ ነኝ፣ ሥራዬ ማናገር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላናገርኩት ልጅ የለም እያልኩ ስፎክር ኖሬ በአንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ተረታሁ።

ትምህርት ቤታችን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ጠዋት ጉም ሲወርድብን የኋላ ወንበር ልጆች ትንፋሻቸው ይታያል። በአንድ ክፍል ሃምሳ ስምንት ናቸው። ገሚሱ ቤቱ ሲገባ ኦሮምኛ ያወራል፣ ገሚሱ ወላይትኛ፣ ገሚሱ ጉራጊኛ፤ እረፍት ላይ ሜዳው ላይ ሲለቀቁ ግን ሁሉም አራዳ ናቸው። «ቲቸር፣ ሙድ እየያዘብኝ ነው!» እያሉ ሲከሱ ቀኑ ያልቃል። ዝም የሚል ልጅ በዚህ መሀል ቶሎ ይጠፋል። እኔም ብዙ ጊዜ እረሳት ነበር፣ አልዋሽም።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩ ቢሮው ጠራኝ። ታናሽ ወንድሜ ሊሆን የሚችል ሰው ነው፤ አንተ እለዋለሁ፣ እሱ እርስዎ ይለኛል። ፊቱ የእኔ ክፍል የውጤት መዝገብ ተዘርግቷል።

«ይቺ ልጅ የመናገር ውጤቷ ባዶ ነው» አለኝ። «የሚመጣው ዓመት የስድስተኛ ክፍል የከተማ ፈተና አለባት። መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ ሦስተኛ ክፍል ትውረድና ቋንቋውን ከሥሩ ትያዝ።»

«ቋንቋውን ይዛዋለች። ደብተሯን እይ።»

«ደብተር አይናገርም። በጆሮዬ ካልሰማሁ አልቀበልም።»

ሦስተኛ ክፍል ማለት የስምንት ዓመት ልጆች ያሉበት ማለት ነው። ጉልበቷ ከዴስኩ ሥር አይገባም። በዚያ ቁመት ከሕፃናት ጋር የተቀመጠች ልጅ ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ሆና ትከርማለች፤ ከዚያ ትምህርቱንም ትተወዋለች። ስንቷን አይቻለሁ። «እስከ መንፈቅ ዓመቱ ስጠኝ» ብዬው ወጣሁ። በሩን ትንሽ ጠንከር አድርጌ ነው የዘጋሁት።

የዚያኑ ቀን ሲግናል አካባቢ አትክልት ወደምትሸጠው አክስቷ ሄድኩ። ሴትየዋ ቲማቲም እየመረጠች ሰማችኝና ሳቋን ለቀቀችው።

«አትናገርም? እሷ? ኧረ እትዬ፣ ይተዉኝ! ቤት ውስጥማ አፏ አይዘጋም፤ ቴሌቪዥኑን እንኳ አታሰማንም!»

ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ነገረችኝ። አባትየው በሕይወት የለም። እናትየው ልጅቷን ተምረሽ ነይ ብላ በነሐሴ ልካት አገራቸው ቦዲቲ ብቻዋን ቀርታለች። በየእሑዱ በስልክ ያወራሉ፤ ስልኩ ሲዘጋ ልጅቷ ግድግዳ ዞራ ትተኛለች። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ገዛሁ፣ ሽንኩርቱን የሚበላልኝ ሰው ሳይኖር።

ከሲግናል ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ወሰን በታክሲ ስመለስ በጣም ከፋኝ። ልጅቷ ቤቷ ታወራለች፣ ትምህርት ቤት ትዘጋለች። እኔ ትምህርት ቤት ስለፈልፍ እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ነው የምዘጋው። እናቴ ካረፈች አራት ዓመቷ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን ነኝ። አከራዮቼ ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ ደህና አመሹ፣ ደህና ነኝ፣ በቃ። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት የራሴን ድምፅ ሳልሰማ የማሳልፈው ጊዜ አለ። አንዳንዴ የልጆቹን ድርሰት ሳርም ጮክ ብዬ ነው የማነበው፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ያለ እንዲመስለኝ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ማን ጠይቆኝ!

እንቆቅልሽ ትዝ ያለኝ ያን ሰሞን ነው። መጽሐፋችን ላይ አንድ ገጽ ተሰጥቶታል፤ አብዛኞቻችን ዘለነው እናልፋለን። እኔ ግን የዓርብን የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ለእሱ ለቀቅሁት። እያንዳንዱ ልጅ ቤቱ ወይ ሰፈሩ ያለውን አንድ ነገር መርጦ እንቆቅልሽ ሠርቶ ይመጣል፤ የተዘጋጀ መቅዳት የለም አልኳቸው። በመጀመሪያው ዓርብ አንዱ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

«እንቆቅልሽ!» አላት ጎኑ ያለችውን።

«ምን አውቅልህ!»

«ስንተኛ ይመጣል፣ ስንነሣ ይሄዳል።»

«የቧንቧ ውኃ!» ብላ ሳትተነፍስ መለሰችለት። ከኋላ ደግሞ «ቲቸር፣ እኛ ሰፈርማ ስንተኛም አይመጣም!» የሚል ተነሣና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጨዋታው እንደምናውቀው ነው። መልሱን ያጣ ሰው አገር ይሰጣል። ጠያቂው አገሯን ተቀብሎ ይገባባታል፤ ገብቶም በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተንጋለልኩ እያለ ይፎልላል፤ የተሸነፈውንና ወገኑን ደግሞ እንጨት ፈላጭ፣ በር ጠባቂ፣ እግር አጣቢ ያደርጋቸዋል። ልጆቼ ለዚህኛው ክፍል ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ጎንደር ተሰጠች፣ ጅማ ተሰጠች፣ ሐረር በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ጊዜ ተሰጠች። እኔ ግን ጥግ ቆሜ ስለዚያች ልጅ ነበር የማስበው። እዚህ ጨዋታ ላይ መልስ ማወቅ አያስፈልጋትም። እንዲያውም አለማወቅ ነው የሚያስፈልጋት። አንድ የአገር ስም ብትጠራ አበቃ፣ ተናገረች ማለት ነው።

የክፍሉን ወሬኛ ጠርቼ በጆሮዋ ነገርኳት። «በሚቀጥለው እሷን ጠይቂያት። ከበድ አድርጊው።»

«ቲቸር፣ አታወራም እኮ!»

«አንቺ ጠይቂ። ሌላውን ለእኔ ተዪው።»

ጠየቀቻት። «እንቆቅልሽ» ብላት ምላሽ ስታጣ ክፍሉ በሙሉ ስለ ልጅቷ «ምን አውቅልሽ» አለላት። «ሆዱ ሙሉ ሰው፣ አፉ በጎኑ፤ ጠግቦም ግቡ ግቡ ይላል።» ከበድ አልሆነላትም፤ ታክሲ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እሷም ሳታውቀው አትቀርም። ተነሥታ ቆመች። «አገር ስጪ! አገር ስጪ!» እያሉ ዴስኩን መደብደብ ጀመሩ። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁና ደነገጥኩ። የምትጠራው አገር የጠፋባት መሰለኝ። ላግዛት ብዬ፣ ሞኝነቴን እዩልኝ፣ ያለ ጥርጥር የምታውቀውን ስም አቀበልኳት።

«ቦዲቲን ሰጠሁሽ በያት፣ በቃ!»

«አልሰጥም።»

ወፈር ያለ፣ የማይንቀጠቀጥ ድምፅ ነበር። በሦስት ወር የመጀመሪያ ቃሏ ለእኔ የተሰነዘረ እምቢታ ሆነ።

«ለምን?» አልኳት።

«እናቴ አለች። እናቴን የማንም እግር አጣቢ አላደርግም» አለችና ተቀመጠች።

ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ጨዋታ ሳውቀው፣ የሚሰጡት አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አንዱ ከኋላ «እንግዲያው እኔም ጅማን መልሱልኝ! አጎቴ አለ!» ብሎ ጮኸ። ሌላዋ ሐረርን ጠየቀች። ሁሉም የሰጠውን አገር ካልመለሳችሁ ብሎ ተነሣ፤ ገበያ ሆነ። በመጨረሻ ራሳቸው አዲስ ሕግ አወጡ፤ ከእኛ የአንዳችን ሰው ያለበት አገር አይሰጥም ተባለ። በእጄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩላቸው። ደስ ብሎኛል፣ ግን ደግሞ ቀንቻለሁ። እምቢ ልትልላት የምትችል ሰው አለቻት፤ እኔ የለኝም።

ወደ ርዕሰ መምህሩ ሮጥኩ ማለት ይቻላል። «ተናገረች!» አልኩት።

«ምን አለች?»

«አልሰጥም አለች።»

ሳቀብኝ። «ይሄ ንግግር ነው?»

«ከዚህ በላይ ምን ንግግር አለ? አንተ በዚህ ዕድሜህ እንደዚያ እምቢ ማለት ትችላለህ?»

እዚህ ላይ አብዝቻለሁ፣ አውቃለሁ። ቀዝቀዝ ብሎ መንፈቅ ዓመቱ ከማለቁ በፊት ባለው የመጨረሻ ዓርብ ራሱ መጥቶ እንደሚሰማት፣ በዚያ እንደሚወስን ነገረኝ። እኔም ተስማማሁ። እስከዚያ ሦስት ዓርብ ነበረን። ልጅቷ ስም ስጠራ አቤት ማለት ጀመረች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አልወጣትም።

ያቺ ዓርብ ደረሰች። ርዕሰ መምህሩ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ፣ ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ። ልጆቹ እሱን ሲያዩ ጨዋ ሆኑ። ከአዲሱ ሕግ በኋላ አገር ተወዷል። ሐዋሳ ሲሉ አንዷ አያቴ አለች ትላለች፤ ደሴ ሲሉ ሌላው እኅቴ ይላል፤ ስለዚህ ወርደው ወርደው ሰፈር መስጠት ጀምረዋል። ተራው ደረሰና አንዱ ልጅ ልጅቷን ጠየቃት። «እሳት ላይ ታፏጫለች፣ ሲያወርዷት ዝም ትላለች።» የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር፤ አላወቀችውም። ቆመች። እኔ እጄን እርስ በርሱ ጨብጬ ጸሎት ይዣለሁ።

«ወሰንን ሰጠሁህ» አለች።

ጥርት ብሎ ተሰማ። የርዕሰ መምህሩ ብዕር ሲንቀሳቀስ አየሁ። አሁን ለእኔ የቀረኝ ሥራ አፌን መዝጋት ብቻ ነበር። ግን ክፍሉን አየሁት። የሁሉንም አያት፣ የሁሉንም አጎት አገር በቃላቸው የያዙ ልጆች ናቸው፤ አንዱ እጁን ያወጣል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላወጣም። ጠያቂው ልጅ ወሰን ሊገባ አፉን ከፈተ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«አይቻልም» አልኩ።

«ለምን ቲቸር?»

«ሰው አለበት።»

«የማን ሰው?»

«እኔ። እኔ አለሁበት።»

«ውይ! ቲቸር ቤት አለዎት እንዴ!» ሲል አንዱ ሳቁ ተነሣ። ሌላዋ «ከማን ጋር ነው የሚኖሩት?» አለችኝ። ብቻዬን አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆነብኝ። ጠያቂው ልጅ ግን ድሉን ሊለቅ አልፈለገም።

«አንድ ሰው ብቻማ አይቆጠርም! ሰጥታኛለች! ወሰን የእኔ ናት!»

ርዕሰ መምህሩ በዓይኑ ገረመመኝ፤ እውነቱን ነው። በስንት መከራ አንድ ዓረፍተ ነገር የተናገረችን ልጅ በዚያች ሰዓት አቋርጫት፣ በሳቁ መሀል ብቻዋን አስቁሜያታለሁ። አሁን ዝም ብላ ከተቀመጠች ሦስተኛ ክፍል ወረደች ማለት ነው፤ ያወረድኳትም እኔ ነኝ። ምላሴን ብነክሰው በወደድኩ።

አልተቀመጠችም። ወደ ልጁ ዞረች።

«ይቆጠራል» አለችው። «እናቴም ቦዲቲ ብቻዋን ናት። አንድ ናት ብዬ አልሰጠኋትም። ቲቸርም አንድ ናቸው። ወሰን ስትገባ እሳቸውን ምን ልታደርጋቸው ነው? እግርህን ሊያጥቡልህ ነው? እኔ እዚያ መኖራቸውን አላወቅሁም፣ ቀድሞ የነገረኝ የለም። አሁን ግን አውቄያለሁ። ስለዚህ መልስልኝ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «እሺ፣ በቃ ውሰጂያት።»

«ጉርድ ሾላን ሰጠሁህ» አለችና ክፍሉን ዞራ አየች። «ሰው ያለው ካለ አሁን ይናገር።»

የተናገረ የለም። ርዕሰ መምህሩ ከጠባቡ ወንበር ሱሪውን እያራገፈ ተነሣ፤ በአጠገቤ ሲያልፍ «አምስተኛ ክፍል ናት» ብሎኝ ወጣ። መደሰት ነበረብኝ፤ ተደስቼም ነበር። ግን እናቴ ካረፈች ወዲህ ስለ እኔ እምቢ ያለልኝ ሰው አልነበረም። እንባዬ መጣ። ልጁ ጉርድ ሾላ ገብቶ ኬክ መብላት ሲጀምር እኔ ወደ ሰሌዳው ዞርኩ፤ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ደወል እስኪደወል ጠረግሁት።