ያለ ወረቀት

በሆስፒታሉ ምድር ቤት ባለችው የልብ ሕሙማን የእንቅስቃሴ ክፍል ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ሁላችንም «ጋሽ ማኅተም» ነበር የምንላቸው። ከጎረቤት አገር በሚያዋስነን ድልድይ መሃል ባለች የኬላ ክፍል ተቀምጠው ሠላሳ ዓመት የሰው ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመቱ ኖረዋል። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ልባቸው ድንገት ከዳቸውና ለትንሽ ተረፉ።

መጀመሪያ ሰሞን የመራመጃው ማሽን ላይ አራት ደቂቃ መቆየት አቅቷቸው ነበር። ነርሷ ሁለት ጣታቸውን የእጅ አንጓቸው ላይ አሳርፈው የልብ ምታቸውን እንዲቆጥሩ አስተማረቻቸው። ከመቶ አስር ካለፈ ይቁሙ፣ እዚህ ጀግና አንፈልግም አለቻቸው። እሳቸው ግን ሜትርም ይቆጥሩ ነበር። ድልድዩ ስድስት መቶ ሜትር ነው፤ ማዶ ታላቅ ወንድማቸው አሉ።

ወንድምየው ከአስራ አንድ ዓመት በፊት ሊጠይቋቸው መጥተው ነበር። የመሻገሪያ ፈቃዳቸው ጊዜ በአንድ ቀን አልፏል። ከኋላ ሰልፉ ያያል። ጋሽ ማኅተም ወረቀቱን በመስኮቷ መለሱላቸውና ለሌላው ሁሉ እንደሚሉት «አሳድሰው ይምጡ» አሏቸው። ወንድምየው ዞረው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስልክም አላነሱ።

ሁለቱ መንግሥታት ድልድዩን ከአምስት ወር በኋላ ያለ ፈቃድ መሻገር እንደሚቻል ሲያስታውቁ ጋሽ ማኅተም ዳግም የተወለዱ መሰሉ። ባለቤታቸው ምን አስጠበቀን፣ ፈቃድ አውጥተን አሁኑኑ በመኪና እንሂድ ቢሏቸው አሻፈረኝ አሉ።

«በወረቀት የመለስኩት ወንድሜ ፊት ወረቀት ይዤ አልቆምም» አሉ። «በእግሬ፣ ባዶ እጄን ነው የምሄደው።»

ከጎናቸው ብስክሌት የሚገፉት ጡረተኛ የታሪክ መምህር በዚህ ስምምነት አያምኑም ነበር። ሥልጣን ያልተጋሩ አገሮች ድልድይ ቢከፍቱ ነገ ይዘጉታል ባይ ናቸው። ጋሽ ማኅተም ደግሞ ነገሩ ቀስ በቀስ ነው ይላሉ፤ መጀመሪያ ገበያው፣ ቀጥሎ መንገዱ፣ ከዚያ የጋራ ዳኛ፣ አብሮ የሚያተርፍ ሰው ደግሞ ጎረቤቱን አያቃጥልም። «እኔስ በአራት ደቂቃ አይደል የጀመርኩት?» ሲሉ መምህሩ አይለቋቸውም።

«አንተማ ደረትህን ይዘህ ከወደቅክ በኋላ ነው የጀመርከው። አገሮችም እስኪወድቁ ነው የሚጠብቁት።»

እንዲህ እየተሳሳቅን ሁለት ወር ሄደ። ድልድዩ ሊከፈት ሦስት ወር ሲቀረው ወንድምየው ሞቱ።

ወሬው መጀመሪያ የደረሰው ለባለቤታቸው ነው። ሐኪሙን ቢያማክሩት ልባቸው ገና ነው፣ ትንሽ ይጠንክር አላቸው። ጋሽ ማኅተም ልብስ በሚቀይሩበት ሰዓት ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ አንድ በአንድ ይዘውን ወሬው ከአፋችን እንዳያመልጥ ለመኑን። እኛም አፋችንን ዘጋን። አስራ ሁለት ደቂቃ ሲሞሉ እሰይ አልን። ሃያ የሞሉ ዕለት አጨበጨብን፤ መምህሩ ግን ብስክሌታቸውን አቁመው ወጡ። ከዚያም ቀን ወዲህ ስለ አገሮች አንድም ክርክር አላነሱም። ጋሽ ማኅተም፣ በቃ ረታሁት ብለው ሳምንት ሙሉ ሳቁባቸው።

የመክፈቻው ቀን ባለቤታቸውን ከጎናቸው አድርገው ድልድዩ ላይ ወጡ። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ይተላለፋል፤ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። መሃል ሲደርሱ የድሮ ክፍላቸው በሯ ተከፍቶ፣ መስኮቷ አቧራ ለብሶ ቆማለች። ትንሽ ልረፍ ብለው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ማዶ ሳይደርሱ መናገር ነበረባቸውና ሰው በሚሰለፍበት በኩል፣ በመስኮቷ አንገታቸውን አስገብተው ነገሯቸው።

ጋሽ ማኅተም አልጮሁም። ሁለት ጣታቸውን አንጓቸው ላይ አሳረፉና ሰዓታቸውን እያዩ ቆጠሩ።

«ዘጠና ስድስት» አሉ። «ደህና ነው።»

ቀጥለውም «መቼ?» አሉ።

«ሦስት ወሩ።»

«ያኔ በመኪና እንሂድ ስትይኝ በሕይወት ነበር?»

«ያኔ ነበር» አሉ ባለቤታቸው፣ «ደህና ነበር።»

የቀረውን ሦስት መቶ ሜትር አንድም ቦታ ሳያርፉ ነው የተራመዱት። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ወረቀት እንደተጠየቀ ሰው እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና ፈለጉ፤ ባዶ ነበር። ለሁለት ሳምንት ጠፍተው ሲመለሱ ይህን ሁሉ የነገሩን ማሽኑ ላይ ሆነው ነው። ማናችንም ቀና ብለን አላየናቸውም። ነርሷ ዛሬ ሃያ አምስት ደቂቃ እንሞክር ወይ ብትላቸው ማሽኑን አጠፉት።

«ወዴት ልሄድበት ነው ልጄ?» አሏት።