ከቆመ ያብጣል

በሙያዬ አልታማም። አርባ ዓመት የእንስሳት ሐኪም ሆኜ ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ደብረ ዘይትና ዙሪያዋን፣ ከዚያ እዚህ ናይሮቢ። ስንት ፈረስ እንዳኮላሸሁ ብጠየቅ ቁጥሩን አላውቀውም። እጄ ላይ የሞተብኝ ግን አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በማደንዘዣው ምክንያት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ወጣቷ ሐኪም ፊት ተቀምጬ የራሴን ጉዳይ ስሰማ ገና ሳትጨርስ ገብቶኝ ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዓይነት ነው፣ ግን ከቦታው ወጣ ማለት ጀምሯል። መድኃኒቱ በየሦስት ወሩ የሚወሰድ የሆርሞን መርፌ ነው፤ ካንሰሩ የሚመገበውን የወንድ ሆርሞን ያደርቅበታል።

«ምዜ፣» አለችኝ፤ እዚህ አገር ሽማግሌን የሚያከብሩበት ቃል ነው። «መርፌው በደንብ ይሠራል። አልፎ አልፎ ሰውነትዎን ሙቀት ሽው ሊልብዎት ይችላል። ዋናው ግን አጥንትዎን እንጠብቃለን። ሆርሞኑ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል።»

«ገባኝ» አልኳት። እሷ በእንግሊዝኛ ስትናገር እኔ የሰማሁት በአማርኛ ነበር፤ ቃሉም አንድ ብቻ፣ ማኮላሸት። ቢላ የለውም እንጂ ያው ነው። አማርኛችን ደግሞ ለዚህ ነገር አይራራም። ፈረስ ሲኮላሽ በምንናገርበት ቃል፣ ጥረት ከንቱ ሲቀርም ኮላሸ እንላለን። «አስብበታለሁ» ብዬ ተነሳሁ። እሷ ግን ለማንኛውም ብላ የሦስት ሳምንት ቀጠሮ ያዘችልኝ።

ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷ የአስመራ ልጅ ናት። አማርኛን ከትምህርት ቤት ስላገኘችው ከእኔ ይልቅ ትጠነቀቅለታለች፤ ስሳሳት ሰው ፊት ሳይቀር ታርመኛለች። «የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ ኪኒን ሰጥተውኛል» ብዬ አለፍኩት። በልቤ ወስኜ ነበር፣ አልወጋም። ሰባ ዓመት ኖሬያለሁ፣ እንደ ራሴ ልሙት አልኩ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። የፈራሁት ካንሰሩን አይደለም፣ ከመርፌው በኋላ እሷ እኔን የምታይበትን ዓይን ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለስንቱ ባለከብት እንዳልተረትኩ፣ ለራሴ ሲሆን ጠፋኝ።

ቀጠሮዬ አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ የአገሬ ሰው ደወለልኝ። መሃል ከተማ ምግብ ቤት አለው፤ ቤቱ ላቪንግተን ነው፤ ለሴት ልጁ የገዛውን ፈረስ ደግሞ ካረን በሚባለው ሰፈር ባለ ጋጣ ያስቀምጣል። ፈረሱ ከእሽቅድምድም የወጣ የአራት ዓመት ዳማ ነው፣ ያልተኮላሸ ድንጉላ። ባዝራ በሸተተው ቁጥር አጥር ይጥሳል። በዚያ ሳምንት ልጅቷን ጥሏት እጇ ጄሶ ውስጥ ገብቷል። እናቷም ወይ ይኮላሽ ወይ ይሸጥ ብላ ቆርጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ባለቤቴ አብራኝ መጣች፤ ካረን መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡ አሉና ለበረንዳዋ ሮዝመሪ ፈልጋ ነበር።

ሰውየው ፈረሱን ይዞ ጠበቀኝ። «ዶክተር፣ እኔ ልቤ አልቆረጠም» አለ። «ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ነበር። ሆርሞኑ ሲጠፋ አጥንቱ ይሳሳል የሚሉ አሉ። ሪስክ አይሆንም? ደግሞ፣ እንዴት ልበልዎት፣ ወንድ ነው እኮ። አሳዘነኝ።»

ሳቅሁበት። ሙያዬ ሲነሳ አንደበቴ ይፈታል።

«ስማኝ» አልኩት። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አትሁን። የፈረስ አጥንት የሚጠነክረው በእግሩ ነው። መሬት ሲረግጥ፣ ክብደት ሲሸከም፣ አጥንቱ ሥራ እንዳለበት ያውቅና ይጠነክራል። ጋጣ ውስጥ ተገትሮ የሚውል ድንጉላ፣ ተኮላሽቶ በየቀኑ ከሚሠራ ፈረስ የባሰ አጥንቱ ይሳሳል። ፀሐይ ይሙቅ። ጥሩ ድርቆሽ ስጠው፣ አልፋልፋ ጨምርለት። ፉርሽካ ግን አታብዛበት፤ ፉርሽካ ሲበዛበት ካልሲየሙን ከገዛ አጥንቱ ነው የሚስበው።»

«ወንድነቱስ?»

«ወንድነቱ ምን ሆነ? ያው ፈረስህ ነው። ስትጠራው ይመጣል። ልጅህን ይሸከማል። ዛሬ ከሌሎቹ ተለይቶ ብቻውን ታስሮ ይውላል፤ ያኔ ከጓደኞቹ ጋር ይግጣል። እስቲ ምኑ ነው የሚጎድልበት?»

ሰውየው አቀርቅሮ የፈረሱን አንገት ዳበሰ። ቀና ስል ባለቤቴ አጥሩን ተደግፋለች። የምታየው ፈረሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

መሣሪያዬን ይዤ ነበርና እዚያው ሣሩ ላይ አስተኛነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ተነስቶ እግሮቹን አንፈራጥጦ ሲቆም፣ ለሁሉም ባለፈረስ የምናገረውን ለዚህም ተናገርኩ፦ «ከነገ ጠዋት ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ አንሸራሽረው። ቁስለኛ ነው ብለህ አትዘንለት። ከቆመ ያብጣል።»

ስንመለስ ንጎንግ መንገድ እንደ ልማዱ ተዘግቷል። ማታቱ የሚሏቸው ታክሲዎች በግራም በቀኝም ይጋፉናል። ባለቤቴ ሮዝመሪውን ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች፣ «መቼ ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«መርፌህ።»

ስልኳን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችኝ። የሆስፒታሉ መልእክት ነው፤ ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ የሆርሞን መርፌ፣ የካንሰር ክፍል። ስልኬን ስለማልሰማ በሄድኩበት ሁሉ የማስመዘግበው የእሷን ቁጥር ነው። የዚያን ቀንም እጄ በልማዱ የእሷን ጽፏል። አርባ ዓመት በጥንቃቄ የታወቅሁት ሰውዬ ምስጢሬን በገዛ እጄ ለማልነግራት ሴት ልኬላታለሁ።

«እንድትነግረኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩህ» አለች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል። ተረቱን ለሴት ማድረጋቸው ስህተት ነው። የራሱ እያረረበት የሰው ያማስላል መባል ነበረበት።»

«አልወጋም» አልኳት።

«ለምን?»

«እንደ ፈረስ ሊያኮላሹኝ ነዋ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ አለቀስኩ። መሪውን እንደያዝኩ፣ ከኋላዬ ያለው ማታቱ ጥሩንባውን እያንባረቀብኝ፣ እናቴን ከቀበርኩ ወዲህ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። «ኮላሸሁ» አልኳት።

ታርመኛለች ብዬ አልጠበቅኩም። አረመችኝ።

«ኮላሸ ማለት ከሸፈ ማለት ነው» አለች። «ያ ፈረስ ተኮላሸ እንጂ አልኮላሸም። አሁን ቆሞ አይተነው አልመጣንም? ደግሞ ምኑ ነው የሚጎድልበት ብለህ ስትጠይቅ ሰውየው አልመለሰልህም። እኔ ልመልስልህ፣ ምንም። እኔ የሚጎድልብኝ አንተ የሞትክ ቀን ነው።»

ጥሩንባው እንደገና ጮኸ። መንገዱ ተከፍቶ ነበር፤ ነዳሁ።

ሐሙስ አብራኝ ሄደች። መርፌው ሆዴ ላይ ነው የሚወጋው፤ እኔ ለበሬ ከምጠቀምበት አንፃር መርፌም አይባል። ሐኪሟ የአጥንቴን ጥንካሬ የሚለካውን ምርመራ አዘዘችልኝ፤ ስለ ምግቡና ስለ እንቅስቃሴውም ልታስረዳኝ ስትጀምር አቋረጥኳትና እኔ አስረዳኋት። አጥንት በሥራ እንደሚጠነክር፣ ፀሐይ እንደሚያስፈልገው፣ ፉርሽካም ሳይቀር ነገርኳት። «ምዜ፣ የት ተማሩት?» አለችኝ። «ከፈረስ» አልኳት። ስትስቅ እኔም ደስ አለኝ፤ ከጭንቀቱ ወዲህ የመጀመሪያ ጉራዬ ነበረች።

ዓርብ ጠዋት ግን ጉራው አልነበረም። የተወጋሁበት ቦታ ቆርቁሮኛል፣ ሰውነቴ ከብዶኛል። ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጌ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ባለቤቴ ጫማዬን ይዛ መጥታ አልጋው ሥር አኖረችው።

«ተነስ» አለች።

«ዛሬስ ልረፍ፤ በሽተኛ ነኝ እኮ።»

«አላዝንልህም። ከቆምክ ታብጣለህ።»

ተነሳሁ። ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ስታገል ማሰሪያውን እሷ አሰረችልኝ። ከግቢያችን ወጥተን ወደ ላቪንግተን የሚወስደውን ዳገት ጀመርን። ግማሽ ላይ ስንደርስ፣ ከመርፌው ይሁን ከዳገቱ እንጃ፣ ያ ሐኪሟ የነገረችኝ ዓይነት ሙቀት ከደረቴ ተነስቶ ፊቴን አጠበኝ፤ ላብ በላብ ሆንኩ። ሰው አየኝ አላየኝ ብዬ ዞር ዞር አልኩ፤ ከዚያ እሷን አየሁ። ትናንት፣ ከትናንት ወዲያም ታየኝ በነበረበት ዓይን እያየችኝ ነበር። ክንዴን ያዘች፤ ዳገቱ እስኪያልቅ አልለቀቀችኝም።