የአርዲቦ ቁልቁለት

አርዲቦ ከሚባለው ሐይቅ ዳር ካለው መንደራችን ተነስቼ ሐይቅ ከተማ የወረድኩት የታናሽ ወንድሜ አዲስ ቤት ሲመረቅ ነው። እሱ እንዲማር ብዬ ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት እኔ ነኝ። አምና ደግሞ «ልጅሽን ስጪኝ፣ ከተማ ላስተምራት» ሲለኝ ደስ ብሎኝ ሰጠሁት። ወንድም አይደል?

ግቢው ስገባ ልጄን ሳህን ተሸክማ አገኘኋት። እጇ ተሰነጣጥቋል። «ትምህርትስ?» ብላት «ለከርሞ ነው ብለውኛል» አለችኝና ወደ ማድ ቤት ሮጠች። ወላሂ፣ ደሜ ፈላ! ግን በሰው ድግስ ምን ይባላል? ሆድ ይፍጀው ብዬ ቁጭ አልኩ።

መሰንቆ መቺው በአምባሰል ቅኝት ያንጎራጉራል። እንግዳው «ተቀበል!» እያለ ግጥም ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ያዜማል። አንዱ አሽቃባጭ ወንድሜን ለከተማው ስሙን በሰጠው በሐይቅ መሰለው፤ ሰፊ ነው፣ አይጎድል፣ አይደርቅ። ወንድሜ ኮራ ብሎ ወደኔ ዞረና «እታለም፣ አንቺስ አትቀኚልኝም?» አለኝ። ወደ መቺው ዞሬ «ተቀበል!» አልኩ።

አርዲቦ ሲያፈስስ ሐይቅ ይጠጣዋል፣
ከሐይቅ የሚወጣ ወንዝ ማን አይቶ ያውቃል?

«እሰይ! አበጀሽ!» ተባለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ አልሳቀም፤ ገብቶታል። ይግባው! የፈለግሁትም እሱን መውጋት ነበር።

መቺው ግን ደጋግሞ ሲያዜመው ግጥሙ ዞሮ እኔው ላይ መጣ። ዕድሜዬን ሙሉ ደግ ነኝ ስል ኖሬያለሁ። አርዲቦ እኮ ደግ ሆኖ አይደለም ውኃውን የሚሰጠው፤ ከሐይቅ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ፣ መሬቱ ቁልቁል ስለሆነ ነው። እኔንም «ታላቅ ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ስጪ» እያሉ ቁልቁለቱን ያበጁልኝ ቤተሰቦቼ ናቸው። ወድጄ የሰጠሁ መሰለኝ እንጂ አንድ ቀን እንኳ እንቢ ማለት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ስንት ሰው መክሮኝ ያልገባኝ ነገር በሁለት መስመር ገባኝ፤ መግባቱም መረረኝ።

ተነስቼ ማድ ቤት ገባሁ። «ልብስሽን ያዢ፣ እንሂድ» አልኳት ልጄን።

እጇን ከእጣቢው ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ምነው? እንግዳ ሞልቶባቸው እንዴት ትቻቸው እሄዳለሁ? ያሳዝኑኛልኮ!» አለችኝ።