የአጸደ ጉርሻ

ሰበታ ውስጥ ሠርግ ሄዶ አጸደ ያላጎረሰችው ሰው የለም። ጉርሻዋ አፍ ሞልቶ ዓይን ያስፈጥጣል፤ ትንሽ ጉርሻ ለእሷ ንፍገት ነው። የጎረሰውም ሰው አሳድጎ ይመልስላታል፣ እሷም አፏን በሰፊው ከፍታ ትቀበላለች።

አምና ከጆሮዋ ሥር ያለው የመንጋጋ መገጣጠሚያ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። አንድ ቀን ስታዛጋ ደግሞ አፏ አልዘጋ አላት። ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ነገራት። በመገጣጠሚያው አጥንቶች መሀል ያለው ልም አጥንት ሴሎቹ እየሞቱ ተጎድቷል፤ የሞቱትን መመለስ አይቻልም፣ የተረፉትን ግን መንከባከብ ይቻላል። ቆሎ ይቅርብሽ፣ አፍሽንም በሰፊው አትክፈቺ አላት።

ልጇ ገመቺስ ሲያገባ የሙሽሪት አባት ኦቦ ገርባ ቡጢ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልለው መጡ። ድንኳኑ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እምቢ ብትል አዲሱን ዝምድና መናቅ ነው፤ ብትጎርስ መንጋጋዋ እዚያው ይቆለፋል።

አጸደ የሽማግሌውን እጅ በአክብሮት ያዘች።

«ኦቦ፣ ሁሉንም እበላዋለሁ። ግን ቆራርሰው ያጉርሱኝ፤ መንጋጋዬን ያመኛል።»

ኦቦ ገርባ ደነገጡ። «ምነው አጸደ፣ መድኃኒት የለውም እንዴ?»

«የሞተው ሞቷል። የቀረውን ግን ለማንም ሠርግ አልሰጥም፣ ለልጄም ቢሆን።»

ሽማግሌው ሳቁና ቆራረሱት። አጸደ አፏን በልኩ እየከፈተች ጨረሰችው። ከዚያ በተራዋ ለእሳቸው ጠቀለለች፣ እንደ ድሮዋ ቡጢ የሚያህል። የኦቦ ገርባ መንጋጋ ጤነኛ ነው።